ስለ ፒንክ ፍሎይድ ሲወራ ሪቻርድ ራይት ለምን ይዘለላል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ፒንክ ፍሎይድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። በአማርኛ ስለ እንግሊዝ ሳይኬዴሊክ ሮክ (የሕልም ዓለም የሚመስል ድምፅ ስላለው ሮክ) እንደ ልብ የሚነበብ ነገር አይገኝምና አመሰግናለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ስለ መጀመሪያው ጊታሪስት ስለ ሲድ ባሬት የአእምሮ ሕመም፣ ስለ ሮጀር ዎተርስ ግጥምና ስለ ዴቪድ ጊልሞር ጊታር በሰፊው ጽፋችኋል። የኪቦርድ ተጫዋቹ የሪቻርድ ራይት ስም የተነሳው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ከባንዱ መባረሩን ለመናገር። በጣም አዘንኩ።

ራይት ከመጀመሪያው የነበረ ሰው ነው። እሱ፣ ዎተርስና ድራመሩ ኒክ ሜሰን የተዋወቁት ለንደን ውስጥ አርክቴክቸር ሲማሩ ነው። ባሬት ተጨምሮ በ1965 ፒንክ ፍሎይድ ተመሠረተ (ወሮቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የ1967ቱን የመጀመሪያ አልበማቸውን ስትሰሙ ቀልባችሁን የሚወስደው የባሬት ጊታር ነው። ከሥር የሚንሳፈፈውን ኦርጋን ልብ በሉልኝ። ለእኔ ያ ሙዚቃ ሳይኬዴሊክ የሆነው ግማሹ በዚያ ኦርጋን ነው።

ባሬት በ1968 ከባንዱ ወጥቶ ቦታውን ጊልሞር ሲይዝ ቡድኑ መንገዱን ለማግኘት ጥቂት ዓመታት ዳክሯል። በ1971 «ኤኮስ» መጣ፤ 23 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ። መጀመሪያ የሚሰማው የራይት አንዲት የፒያኖ ድምፅ ናት፤ በሚሽከረከር ስፒከር አልፋ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የምትመጣ ትመስላለች። ዜማውንም ከጊልሞር ጋር አብሮ የዘፈነው እሱ ነው።

የ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 ድረስ 741 ሳምንታት ቆይቷል። እስኪ ውስጡን እንየው። «አስ ኤንድ ዘም» ራይት ቀደም ሲል ለአንድ ፊልም የሠራው የፒያኖ ሥራ ነበር። ዳይሬክተሩ አንቶኒዮኒ አልፈልግም ብሎ መለሰው። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ»ም ከእሱ ፒያኖ ነው የተነሳው፤ ክሌር ቶሪ ያለ አንዲት ቃል የምታንጎራጉርበት ማለቴ ነው። ራይት ጃዝ ይወድ ነበር። በዚያው አልበም ውስጥ ከጃዝ ጥሩምባ ተጫዋቹ ከማይልስ ዴቪስ የወሰደው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) እንዳለ ራሱ ተናግሯል።

ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ደግሞ የ1975ቱ ነው። «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ስለ ባሬት የተሠራ ነው። ባሬት ራሱ በዚያ ሰሞን ወፍሮ፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቶ ስቱዲዮ ሲመጣ የገዛ ጓደኞቹ አላወቁትም። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ቀስ እያለ ሲጠፋ ራይት በሲንተሳይዘር አንዲት አጭር ዜማ ይጫወታል። ዜማዋ በ1967 ባሬት ከጻፈው «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» የተወሰደች ናት። ሌሎቹ ለባሬት በቃል ዘመሩለት። ራይት የራሱን የባሬትን ዜማ መለሰለት።

እናንተ የጠቀሳችሁት መባረር የደረሰው «ዘ ዎል» ሲቀረጽ በ1979 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ኮንሰርቶች የተጫወተው በደመወዝ ተቀጥሮ ነው፤ በመሠረተው ባንድ ውስጥ! የ1983ቱ አልበም ያለ እሱ ወጣ። ግጥሙ ጠንካራ ነው፣ አየር ግን ያጥረዋል። ዎተርስ በ1985 ከለቀቀ በኋላ ራይት ተመለሰ። በ1994ቱ «ዘ ዲቪዥን ቤል» ላይ ዜማ ሠርቷል፣ ዘፍኗልም።

ሐምሌ 2 ቀን 2005 አራቱ (ዎተርስ፣ ጊልሞር፣ ሜሰንና ራይት) በለንደኑ ላይቭ 8 ከ24 ዓመት በኋላ አብረው ተጫወቱ። ኮንሰርቱ የተዘጋጀው ለሰባ ሰባቱ ድርቅ ገንዘብ ያሰባሰበው ላይቭ ኤይድ 20 ዓመት ሲሞላው ነው። ብዙዎቻችን ያንን ቀን የምናስታውሰው ከዚያ ድርቅ በሕፃንነቷ የተረፈችው ብርሃን ወልዱ መድረኩ ላይ በመታየቷ ነው። በዚያው መድረክ ኪቦርዱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ራይት ነበር። ከዚያ ወዲህ አራቱ አብረው አልተጫወቱም። ራይት በመስከረም 2008 ዐረፈ። በ2014 የወጣው የመጨረሻ አልበም በአብዛኛው የተገነባው በ1993 ከእሱ ጋር በተቀረጹ ሙዚቃዎች ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጽሑፉን ድረ ገጻችሁ ላይ ስታሻሽሉ የራይትን ሥራ ጨምሩበት፤ ቢያንስ ከላይ የጠቀስኳቸው ዘፈኖች የማን እንደሆኑ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ