የሶኬት ፕሮግራሚንግ ሃንድአውት ይታደስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ኮዲንግ ትምህርት ደጋግማችሁ ስለምትጽፉ ይህችን ነገር ለአንባቢ አድርሱልኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆችን በትርፍ ሰዓቴ አስጠናለሁ። ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከዓለም ከተማም የመጡ አሉ። ይዘውት የሚመጡት የሶኬት ፕሮግራሚንግ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ኮድ አጻጻፍ) ሃንድአውት ግን ያው አንድ ነው፤ ፎቶኮፒው ራሱ እንደገና ፎቶኮፒ እየተደረገ ከባች ወደ ባች የተላለፈ። አይፒ አድራሻን (የኮምፒውተርን የኔትወርክ አድራሻ) ከጽሑፍ ወደ ቁጥር ለመቀየር ኢኔት አድር (inet_addr) የሚባለውን የሲ ቋንቋ ፈንክሽን፣ መልሶ ወደ ጽሑፍ ለማምጣት ደግሞ ኢኔት ኤንቶአ (inet_ntoa) የሚባለውን ያስተምራል። በቃ። አዲሱን የአይፒ አድራሻ ዓይነት፣ አይፒቪ6ንም፣ ስለሚያስተናግዱት ስለ ኢኔት ፒቶን (inet_pton) እና ኢኔት ኤንቶፕ (inet_ntop) አንዲት መስመር የለውም፤ እነዚህ እኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በወጣው አርኤፍሲ 3493 በተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ላይ በግልጽ ተጽፈዋል!

ልጆቹ «ኮዱ ይሠራል አይደል?» ይሉኛል። ይሠራል፤ ለዚህ ነው ማንም ሳይነካው የኖረው። እስቲ የፋብሪካ አይቲ ክፍል ውስጥ የተቀጠረ ልጅ አስቡ። የማሽኖቹ አድራሻ በኤክሴል ተመዝግቦ ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹ እኩል እንዲሰለፉ ተብሎ 192.168.010.001 ተብሎ ተጽፏል። ኢኔት አድር በዜሮ የሚጀምረውን ቁጥር በኦክታል (መሠረቱ ስምንት በሆነ አቆጣጠር) ስለሚያነበው 010 ለእሱ 8 ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ምንም ኤረር ሳያሳይ 192.168.8.1ን ፍለጋ ይሄዳል፣ ልጁም ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል። ሊኑክስ ላይ ያለው ኢኔት ፒቶን ግን እንዲህ ያለውን አድራሻ ገና ከበሩ ይመልሰዋል።

ሌላም አለ። ኢኔት አድር ሲሳሳት የሚመልሰው -1 ነው፤ ይህ ደግሞ ከ255.255.255.255 ጋር አንድ ነው። ትክክለኛ አድራሻ ይሁን ስህተት መለየት አይቻልም። የሊኑክስ ማኑዋል ራሱ በዚህ ምክንያት አትጠቀሙበት ይላል። ኢኔት ኤንቶአ ደግሞ መልሱን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚጽፍ፣ በአንድ ፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ በስክሪን የሚያሳይ ትዕዛዝ) ውስጥ ሁለት አድራሻ ለማሳየት ብትጠሩት ያንኑ አድራሻ ሁለቴ ያወጣላችኋል።

ስሙን ብቻ ለውጦ «ታድሷል» ማለት ግን አይበቃም፣ እባካችሁ! ኢኔት ፒቶን ሲሳካለት 1 ይመልሳል፣ ጽሑፉ አድራሻ ካልሆነ 0፣ የአድራሻውን ዓይነት ካላወቀው -1። ከዜሮ ማነሱን ብቻ የሚያይ ኮድ የተበላሸውን አድራሻ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ምሳሌው ከነዚህ ሦስት መልሶች ጋር ካልተጻፈ ልጁ የሚገለብጠው ግማሹን ነው።

ሃንድአውቱ በእጃችሁ ያለ መምህራን፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር እነዚህን ገጾች ቀይሩልን፤ የታደሰበትንም ቀን ከላይ ጻፉበት። እኔ ለማስጠናቸው ልጆች በአማርኛ አስተካክዬ ያዘጋጀኋቸው ገጾች አሉኝ። የሚፈልግ መምህር ካለ በእናንተ በኩል እልክለታለሁ።

አስጠኚው ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን