አሮጌ መኪና ላይ ኤቢኤስ ማስገጠም ለምታስቡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ዓምዳችሁን ሳላነብ ያለፍኩበት ሳምንት የለም፣ ባለፈው ግን አንድ አንባቢ "አሮጌ መኪና አለኝ፣ ኤቢኤስ ማስገጠም እችላለሁ ወይ?" ብሎ ጠየቀና (ኤቢኤስ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ዕቃ ነው) "ጥሩ መካኒክ ካገኘህ ይቻላል" የሚል የሁለት መስመር መልስ ተሰጠው። እሱን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምክንያቱም እኔ ይሄንኑ መልስ ሰምቼ አስገጥሜ አይቼዋለሁ፣ ያ ሰው እኔ የገባሁበት ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ትንሽ ከረዘመብኝ ይቅርታ።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተሠራች ኮሮላ፣ ከአባቴ የወረስኳት ናት ሞተሯ እስካሁን አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። አምና ሐምሌ ላይ ልጄን ከኋላ ጭኜ ከሽሮ ሜዳ ወደ 6 ኪሎ እየወረድኩ ነው፣ ዝናቡ ገና መጣል የጀመረበት ሰዓት፣ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ተላቁጦ አስፋልቱ ሳሙና የሚሆንበት ሰዓት ማለት ነው፣ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ሰው ሊጭን ድንገት ቆመ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ጎማዎቹ ተቆለፉ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፣ መኪናዋ ግን እኔ ምንም እንዳላዘዝኳት ቀጥታ ትሄዳለች፣ ያንን ስሜት ያየ ያውቀዋል፣ መሪው በእጅህ አለ ግን ከመኪናው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሚኒባሱ ፓራውልት ላይ አርፌ ቆምኩ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ልጄ ግን ቤት እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ማታውኑ ነው ኤቢኤስ ማስገጠም አለብኝ ብዬ የወሰንኩት። ኤቢኤስ ምን እንደሚያደርግ ለማያውቅ በአጭሩ፣ የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ አይታጠፍም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቸርኬ ጋ የፍጥነት ሴንሰር አለ፣ አንዱ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ኮምፒውተሩ ያውቅና ወደዛ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ለቀቅ ያደርግለታል፣ መልሶ ይይዛል፣ እንደገና ይለቃል፣ ይሄን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሠራዋል፣ የትኛውም እግር ሊደርስበት አይችልም። ቦሽ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው ሠርቶ በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ያወጣው፣ አውሮፓ ውስጥ እንኳን የመኪና ፋብሪካዎች ሁሉም አዲስ መኪና ላይ እናደርጋለን ያሉት በ2004 ነው። የኔዋ ዲኤክስ ስትሠራ እንደዚህ ያለ ነገር ይገጠምልኛል ብላ አልተሠራችም፣ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው ግን ያኔ አልገባኝም።

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ከተፈታ የኋለኛ ዘመን ኮሮላ የወጣ ሙሉ የኤቢኤስ ዕቃ አለ አሉኝ፣ ፓምፑ ከነቫልቩ፣ ኮምፒውተሩ፣ አራት ሴንሰር፣ የሽቦው ጥቅል። ገዝቼ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጁ ጎበዝ ነው እጁ ፈጣን ነው ክፋትም የለውም፣ "ጋሼ ኮሮላ ኮሮላ ነው፣ በሁለት ሳምንት ትወስዳታለህ" አለኝ። ሁለት ወር ቆየች። ስወስዳት ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ፣ አዳዲስ ቱቦ ተዘርግቷል፣ ሁሉም ያብለጨልጫል፣ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፀሐይ ነው፣ በ30 እንኳን አልሄድም፣ መስቀለኛ መንገድ ጋ ልቆም ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ግድግድ ግድግድ እያለ ይገፋኛል መኪናዋ ግን አትቆምም፣ ዜብራው ላይ የዩኒፎርም ልጆች አሉ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ ነው ያቆምኳት። ከፊታቸው ሁለት ሜትር ቢቀር ነው። አንዷ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ፣ ፊቷ እስከዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ከዛ በኋላ አልነዳኋትም፣ አስጎትቼ ለብዙ ዓመት የአባቴን መኪና ሲሠሩ የነበሩ ጋሽ የምላቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። በክሪክ አንስተው ጎማውን ፈቱና "ና ቁጭ በል፣ ቁጠር" አሉኝ። ሴንሰሩ የሚያነበው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት አለ፣ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ሴንሰሩ ጥርሱ ሲያልፍ እየቆጠረ ነው ፍጥነቱን የሚያውቀው። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ፣ የፊቱ 43፣ የኋላው 48። የዲኤክስ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ላይ እንዲህ ያለ ቀለበት ፋብሪካው ስላላደረገበት ልጁ የፊቱን ከሌላ መኪና አምጥቶ በብየዳ ነው የያያዘው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የፊት ጎማ ሁሌም ከኋላው ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስለዋል፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር "የፊቱ ሊቆለፍ ነው" ብሎ ይለቅልኛል ማለት ነው። መኪናዋን በደንብ የሚያቆማት ደግሞ የፊቱ ፍሬን ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ስህተት ሲያይ ራሱን አጥፍቶ መብራት ያበራል፣ የኔ ዳሽቦርድ ላይ መብራቱ ጭራሽ አልተገጠመም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ቀለበቱን ቀይሮ መጨረስ ነበር። ጋሽ ግን ቱቦውን በጣታቸው እየተከተሉ ሌላም አሳዩኝ። ዲኤክስ የሚነዳው የኋላ ጎማ ነው፣ ፍሬኑም ለሁለት ሲከፈል አንዱ መስመር ለፊት አንዱ ለኋላ ነው። ፓምፑ የመጣበት ኮሮላ ግን በፊት ጎማ የሚነዳ ነው፣ የሱ ፍሬን የሚከፈለው በሰያፍ ነው፣ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ ጋር፣ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ ጋር። ያንን ፓምፕ አምጥተህ እኔ ላይ ስትገጥም የትኛው ቱቦ የት እንደሚገባ መገመት ነው እንጂ ማወቅ አይደለም። የመኪናው ክብደት ሌላ፣ የጎማው ልክ ሌላ፣ የፍሬን ማስተሩ ስፋት ሌላ፣ የኋላው ታምቡር እንጂ ዲስክ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ለመጣበት መኪና ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው። ፋብሪካው ይሄን ለማስተካከል በረዶ ላይ፣ ውሃ ላይ፣ ጠጠር ላይ ስንት ጊዜ ሞክሮ ነው የሚያወጣው፣ እኛ የሞከርነው ዜብራ ላይ ተማሪ ፊት ነው። ኮሮላ ኮሮላ አይደለም።

አንድ አሜሪካ ያለ ዘመዴ ይሄን ሰምቶ "ተወው፣ ቱቦው ላይ ብቻ የምትገባ ትንሽ ዕቃ አለች፣ ኮምፒውተር አትፈልግም፣ እሷን እልክልሃለሁ" አለኝ። እሷንም እንዳትገዙ። ሴንሰር የሌለው ነገር ጎማው መቆለፉን በምን ያውቃል? እዛው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ እንደዚህ ያሉ ዕቃዎችን ኤቢኤስ ነው ብለው የሚሸጡትን ከሶ ማስታወቂያቸው ሐሰት ነው ብሎ አስቁሟቸዋል።

ታዲያ ምን አደረግን? ሁሉንም አስወጣነው። ብሩ ውሃ በላው፣ ይሁን። ጋሽ ከዛ የራሷን ፍሬን ከሥሩ አዩት፣ እኔ እኮ ኤቢኤስ ስፈልግ የነበራትን ፍሬን አንድ ቀን አላየሁትም። የፍሬን ዘይቱን በብልቃጥ ቀድተው ብርሃን ላይ አሳዩኝ፣ ቡና አተላ ይመስላል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፣ ስለዚህ በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር አለበት፣ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ይወርዳል፣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። አባይ በረሃ የወረደ ሰው ምን እንደምል ያውቃል፣ ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ የሚወርድን መኪና ኤቢኤስ አያድነውም፣ የሚያድነው ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ነው። የፊት የፍሬን ሸራዎቹ አንዱ አልቆ አንዱ ግማሽ ነበር፣ የኋላ ግራው ታምቡር ውስጥ ዘይት ገብቶ ሸራው ረጥቧል፣ ላስቲክ የሆኑት የፍሬን ቱቦዎች ተሰነጣጥቀዋል። ሁሉም ተቀየረ፣ ለኤቢኤሱ ካወጣሁት ሲሶ አልሞላም።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ጎማው ነው። ጎማ ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ተጽፏል፣ ለምሳሌ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የኔዎቹ አንዱ 0811 ይላል! ጥርሱ አለ፣ ላስቲኩ ግን ድንጋይ ሆኗል፣ በጥፍር አይገባም። ያን ቀን ሽሮ ሜዳ ላይ ኤቢኤስ ቢኖረኝ እንኳን ያ ጎማ መሬቱን ሊይዝ አይችልም ነበር፣ ኤቢኤስ ያለውን መያዣ ነው በአግባቡ የሚጠቀመው፣ የሌለውን አይፈጥርም። ኮረኮንችና ጠጠር ላይማ እንዲያውም ከተቆለፈ ጎማ ይልቅ ርቆ ሊያቆም ይችላል፣ የተቆለፈው ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ስለሚከምር።

አራት አንድ ዓይነት አዲስ ጎማ ገዛሁ። አንድ እሁድ ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ካቆመ በኋላ ጋሽ አንድ ባዶ ግቢ ወስደው ሲያለማምዱኝ ዋሉ፣ በ30 ነድቼ እስኪቆለፍ እረግጣለሁ፣ መሪ አዞራለሁ፣ ቀጥታ ትሄዳለች፣ "አሁን እግርህን ትንሽ ብቻ አንሳ" ይሉኛል፣ ትንሽ ሳነሳ ወዲያው ታጥፋለች። በዚህ ዕድሜዬ ነው የተማርኩት፣ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ማንም አላሳየኝም። ማሰልጠኛዎች ይሄን በባዶ ሜዳ ቢያሳዩ የስንት ሰው ነፍስ ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደ አንባቢያችሁ ልመለስ። በእኛ አቆጣጠር ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ በኋላ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪኖቻችን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው፣ ስለዚህ ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። እውነት ኤቢኤስ የሚፈልግ ሰው ከፋብሪካ ያላትን መኪና ይግዛ፣ ሲገዛም ቁልፉን ሲያዞር የኤቢኤስ መብራቷ በርታ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቷን ይይ፣ ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይ በቴፕ ተሸፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ስንት ቪትዝ ነው መብራቷ በርታ ዓመት ሙሉ የምትሄደው? ጎረቤቴን ሂጂና አሳዪው ብዬ ነዝንዤ ወሰድኳት፣ አንዱ ሴንሰር ላይ ጭቃ ተጋግሮ ነው፣ ተጠርጎ ጠፋላት፣ ለቁርስ የሚሆን ብር ነው የከፈለችው። የሌላትን መኪና ከመበየድ ያላትን ማዳን አይሻልም? የቦሎ ምርመራ የሚያደርጉም ፍሬኑን ሲለኩ ያችን መብራት ቢያዩልን ትልቅ ነገር ነው።

እናንተም እባካችሁ ለጠያቂው መልሱን አስተካክላችሁ አውጡለት። "ይቻላል" አትበሉት። የመኪናውን ዓይነትና ዓመት ይጻፍላችሁ፣ እስከዛ ግን ዛሬውኑ ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ ያለችውን አራት አሃዝ ያንብባት፣ የፍሬን ዘይቱንም ክዳኑን ከፍቶ ቀለሙን ይይ።

አክባሪያችሁ፣ የዲኤክስ ባለቤት፣ ከጉለሌ