ዘፈኑን አትዝለሉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጥበብ አምዳችሁ ስለ ህንድ ፊልም የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ቡሬ ሆኜ አነበብኩት። የህንድ ፊልም ዘፈንና ለቅሶ ብቻ ነው መባሉ አልዋጥልኝ አለ። እስኪ «ጃግሪቲ»ን እዩልኝ።

ሳትየን ቦስ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አጃይ የሚባል አስቸጋሪ ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ በምርኩዝ ከሚሄደው ከሻክቲ ጋር ይወዳጃል። የሻክቲን መጨረሻ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ድረሱበት። እኔን የያዘኝ መምህራቸው ሸካር ነው። ልጆቹን ባቡር ላይ አሳፍሮ አገራቸውን እየዞረ ያሳያቸዋል። የዚህችን አገር አፈር ግንባራችሁን ተቀቡት እያለ ይዘፍንላቸዋል። ግጥሙን የጻፈው ካቪ ፕራዲፕ ነው፤ ድምፁም የራሱ ነው።

እኔ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነበርኩ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ዩቲዩብ ላይ ፈልጋ ስታሳየኝ እዚያ ባቡር ላይ ሲደርሱ እንባዬ መጣ።

አንድ ዓመት 6ኛ ክፍሎችን «የዓባይ ምንጭ የት ነው?» ብዬ ፈተንኳቸው። ሁሉም «ሰቀላ፣ ግሽ ዓባይ» ብለው አገኙ። በማግስቱ «ማን አይቶታል?» ስል አንድም እጅ አልወጣም። ከቡሬ ሰቀላ እኮ ሩቅ አገር አይደለም! ከወላጆች ብር አዋጥተን ቅጥቅጥ ተከራየንና በቲሊሊ በኩል ወጣን። ቦታው ጸበል ነውና ልጆቹ እህል አልቀመሱም። ቆሏቸውን በጨርቅ ቋጥረው ጭናቸው ላይ ይዘውታል፤ መንገዱን ሙሉ አንድ ፍሬ የነካ የለም።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ጸጥ አሉ። አንዲት ልጅ እጀጌዬን ሳብ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ ይቺ ናት ዓባይ?» አለችኝ።

«ይቺ ናት።»

«ግብፅ ድረስ የምትሄደው?»

«ግብፅ ድረስ።»

ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ በኋላ ካርታ ስሰቅል መጀመሪያ የምትነሳው እሷ ነበረች። ጣቷን ሰቀላ ላይ አድርጋ ጣናን፣ ካርቱምን እያለፈች እስከ ባሕሩ ትወርዳለች።

በዚያ ጉዞ ምክንያት አንድ ኃላፊ «ክፍለ ጊዜ አባከንክ» ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። ቃሉ እስካሁን ያመኛል። ፊልሙን ሳይ ግን ያደረግኩት ልክ እንደነበር በልቤ ጸና።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ይህን ፊልም ለሠልጣኞቻቸው ቢያሳዩልኝ ደስ ይለኛል። ሂንዲ አለመቻል አያግድም፤ እኔም አልችልም። ብቻ ባቡሩ ላይ ሲደርሱ ዘፈን ነው ብለው እንዳይዘሉት።

ጡረተኛ መምህር፣ ከቡሬ