ስለ ዓሦችሽ ውሃ

ውድ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። የአኳሪየምሽን ውሃ በየስንት ጊዜው መቀየር እንደሚገባሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያውም ከጠቅላላው ሩቡን ያህል ብቻ። ያንቺው 60 ሊትር ስለሚይዝ ከ12 እስከ 15 ሊትር አውጥተሽ በዚያው ልክ መተካት ይበቃሻል።

ይልቅ ያሳሰበኝ፣ ውሃው ደፈረሰ ብለሽ ሁሉንም ደፍተሽ፣ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጥበሽ እንደ አዲስ መሙላትሽ ነው። አልቆጣሽም፤ እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ አድርጌ፣ መስተዋቱ ሲያበራ እያየሁ በተደሰትኩ በሦስተኛው ቀን ዓሦቼን ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር።

ከዓሦች ሰውነት የሚወጣውና ከተረፈ ምግብ መበስበስ የሚፈጠረው አሞኒያ ዓይን አያየውም፤ ጥቂቱም ቢሆን ግን ይገድላል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም በብዛት የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ሳይሆን በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው በመሆኑ፣ ክሎሪን ባለው ውሃ ስታጥቢያቸው ሠራተኞችሽን በገዛ እጅሽ አሰናበትሽ ማለት ነው። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ናይትሬት ግን ዕፅዋት ከሚወስዱት በቀር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ በየሳምንቱ ውሃ የምንቀይረውም በዋናነት ለዚሁ ነው። የተነነውን መሙላት መቀየር እንዳይመስልሽ፤ ተንኖ የሚሄደው ውሃው ብቻ ሲሆን የሟሟው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። በመመርመሪያ ስትለኪው ናይትሬቱ በሊትር ከ40 ሚሊግራም የሚያልፍ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ ምግቡንም ቀንሺ። ዓሦቹ ጥቂት፣ ዕፅዋቱ ብዙ ከሆኑ ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ መቀየር ሊበቃ ይችላል። ለወራት የተረሳ ውሃ ቢያጋጥምሽ፣ ዓሦቹ ከለመዱት በድንገት እንዳይወጡ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀየርሽ መልሺው።

የምትጨምሪው ውሃ ሙቀቱ ከነበረው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ክሎሪን ክፍት ባልዲ ውስጥ ሲያድር ይተንናል፤ በአንዳንድ ቦታ የቧንቧ ውሃ የሚታከምበት ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት) ግን በማሳደር ስለማይለቅ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መጠቀም ይሻላል። ውሃ ከመቅዳትሽ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት መንቀልሽን አትርሺ፤ ከውሃ በላይ ሆኖ ቢግል የማሞቂያው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ላንቺ ከላይ ያልኩት የሳምንት ልክ ገና አይሠራም። ባክቴሪያዎቹ እንደገና እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል፣ እስከዚያው አሞኒያውንና ናይትራይቱን በየቀኑ ለኪ፤ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው፣ ካልሆኑም ሳታሳድሪ ሩቡን ቀይሪ። ምግቡን በቀን አንዴ፣ ቆንጠር አድርገሽ ብቻ ስጫቸው፤ አዲስ ዓሣም አትጨምሪ። የለካሽውን ቁጥር ከነቀኑ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ