የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይሰበሰብ ነበር። በሁለቱም መንፈቅ ዓመታት የጥያቄና መልስ ውድድር ተካሂዷል። ብዙ ጊዜ የወሰደብን ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን የጎመን መደብ ስፋት መለካት ነው።

መደቡ ትራፒዝየም ነው። ትይዩ ጎኖቹ 14 እና 9 ሜትር ሲሆኑ፣ በአንድ በኩል አጥሩ መንገዱን ተከትሎ ሰያፍ ሄዷል። አባላቱ የትይዩ ጎኖቹ ድምር በከፍታው ተባዝቶ ለ2 እንደሚካፈል በቃላቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሜትሩን በአጥሩ ላይ ዘርግተው ያገኙትን 13 ሜትር እንደ ከፍታ ወስደው፣ ስፋቱ 149.5 ካሬ ሜትር ነው ብለው አስረከቡኝ። እኔም ሌላኛው ጎን በቁጥቋጦ ስለተሸፈነ ሄጄ ሳላይ ተቀበልኳቸው፤ ጥፋቱ ከእነሱ ይልቅ የእኔ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር አራት ተብሎ 598 ችግኝ ተገዛ፤ ተተክሎ ሲያልቅ 46 ተረፈ።

ስህተቱን ለመፈለግ ገመድ በ12 እኩል ክፍል ቋጥረን፣ ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 የሆኑ ጎነ ሦስት በመወጠር 90 ዲግሪ አወጣን። በትይዩ ጎኖቹ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት፣ ማለትም እውነተኛው ከፍታ፣ 12 ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎም አንዱን ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር መጥነው ሁለት እኩል ትራፒዝየሞች ከካርቶን ቆረጡና አንዱን አዙረው ከሌላው ጋር አጋጠሙት፤ መሠረቱ 23፣ ከፍታው 12 የሆነ ፓራሌሎግራም ወጣው። ስፋቱ 276፣ ግማሹ 138 ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ለካስ ለ2 የምናካፍለው ሁለት ስለሆኑ ነው!» ስትል፣ ቀመሩን ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማለፌ ትንሽ አሳፈረኝ።

እንዲህ ያለው ግራ መጋባት የቆየ ነው። ከ3,500 ዓመታት በፊት አህሜስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ በገለበጠውና ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው የሒሳብ ጽሑፍ 52ኛ ጥያቄ ላይ፣ ጎኖቹ 6 እና 4፣ ርዝመቱ 20 የሆነ መሬት ስፋቱ 100 ነው ይላል፤ 20 የተባለው ከፍታው ይሁን ሰያፉ ጎን ግን ሊቃውንትን አከራክሯል። የተጻፈበትም በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። አንድ አባል ከሐይቁ ዳር አንድ ዘንግ አምጥቶ በምላጭ ሲቆርጠው፣ የተቆረጠው ፊት ጎነ ሦስት ሆኖ ስለታየ ያ ሐሙስ በዚሁ አለቀ።

የተረፉት 46 ችግኞች ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ተተክለው፣ ከመደቡ ጎመን ቀድመው ደርሰዋል።