ዚዮላይት በአሲድ ስለታጠበ ብቻ ዲክሎፌናክን አይዝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የመድኃኒት ቅሪትን ከፍሳሽ ውኃ ስለሚይዙ የተፈጥሮ ማዕድናት ያወጣችሁትን ዘገባ ያላነበበ የሙያ ጓደኛ የለንም። ጉዳዩ መነሳቱ ደግ ነው። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አልቻልንም፤ ዚዮላይት ተፈጭቶ በአሲድ ከታጠበ «ማንኛውንም መድኃኒት» ይይዛል የምትለዋን። ስህተት ናት፤ ስህተትነቷም የጥቃቅን ዝርዝር ጉዳይ አይደለም። ዘገባው በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

ዚዮላይት የሲሊከን፣ የአሉሚኒየምና የኦክስጅን መረብ ነው። አሉሚኒየም የሲሊከንን ቦታ በያዘ ቁጥር መረቡ አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያተርፋል። ይህን የሚያመጣጥኑት በቀዳዳዎቹ ውስጥ የተቀመጡት ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ናቸው። ዘገባችሁ በምሳሌነት የጠቀሰው የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ ደግሞ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ4 ገደማ ከፍ ባለ ውኃ ውስጥ ራሱም ኔጌቲቭ ነው። የወንዙም የፍሳሹም ውኃ 7 አካባቢ ስለሆነ ሁለቱ ይገፋፋሉ። አሲዱ ካልሲየሙን አስወጥቶ በሃይድሮጅን ይተካል፣ የተደፈነ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ከበረታም አሉሚኒየሙን ይነቅላል። በፒኤች 7 ግን ገጹን ፖዘቲቭ አያደርገውም። ቀዳዳው ቢከፈትስ ምን ሊገባበት? በብዛት የሚገኘው የተፈጥሮ ዚዮላይት ክሊኖፕቲሎላይት ነው፤ የቀዳዳው ሰፊ ጎን እንኳ 0.8 ናኖሜትር አይደርስም፣ ጠባቡ ደግሞ 0.3 ገደማ ነው። ሶዲየም ይመላለስበታል፤ ዲክሎፌናክ ግን በር ላይ ይቀራል።

ታዲያ «በአሲድ የታጠበው ያዘልን» የሚል ውጤት ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ አሲዱ በደንብ ሳይለቀቅ ይቀርና የሙከራው ውኃ ፒኤች ወደ 3 ይወርዳል። በዚያ ፒኤች ዲክሎፌናክ በሊትር ከጥቂት ሚሊግራም በላይ አይሟሟም። በሊትር 50 ሚሊግራም የተዘጋጀው መድኃኒት ወደ ጠጣርነት ተለውጦ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፤ መለኪያው ውኃው ውስጥ ስላላገኘው ድንጋዩ ያዘው ተብሎ ይጻፋል። ይህን የሚያጋልጠው ድንጋይ የሌለበት አንድ ጠርሙስ ነው፤ ያው መድኃኒት፣ ያው ፒኤች፣ ያው ሰዓት። እዚያም በዚያው መጠን ከቀነሰ ማዕድኑ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ጋዜጠኛችሁ «ባዶው ጠርሙስ ስንት አሳየ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያቺ ዓረፍተ ነገር ባልታተመች።

ማዕድኑ ዲክሎፌናክን እንዲይዝ በእውነት የሚለወጠው እንዲህ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ ይነፋል፤ ለሚናጥ ሙከራ ከ150 ማይክሮሜትር በታች፣ ውኃ ለሚያልፍበት ቱቦ ደግሞ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር። በተጣራ ውኃ ብናኙ እስኪለቅ ይታጠብና በ105 ዲግሪ ይደርቃል። ከዚያ በሊትር 58.4 ግራም ጨው ባለበት ውኃ፣ ለአንድ ግራም ዱቄት 10 ሚሊሊትር ያህል ተደርጎ፣ 24 ሰዓት ይናጣል፤ ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ይደገማል። ዓላማው ሙጭጭ ያለውን ካልሲየም በቀላሉ ቦታ በሚለቀው ሶዲየም መተካት ነው። ከዚያ የተረፈው ጨው በተጣራ ውኃ ይታጠባል፤ ማጠቡ የሚቆመው የታጠበበት ውኃ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሲደረግበት ነጭ ደመና ሳይታይ ሲቀር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በቤተ ሙከራ «ሲታብ» የምንለው፣ ረጅም የቅባት ጅራትና ፖዘቲቭ ራስ ያለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ነው። እሱም ቀዳዳው ውስጥ ስለማይገባ የሚለጠፈው በውጭው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጠኑ የሚሰላው በውጭው ገጽ አዮን የመለዋወጥ አቅም ነው። አቅሙ በ100 ግራም 10 ሚሊኢኩቫለንት (የአዮን ቻርጅ መጠን መለኪያ) ከሆነ 3.64 ግራም ሲታብ አንድ ንብርብር ያለብሰዋል። በዚህ መጠን ጅራቶቹ ወደ ውጭ ያያሉ፤ ገጹ ቅባታም እንጂ ፖዘቲቭ አይሆንም። ዲክሎፌናክን ለመያዝ ሁለተኛ ንብርብር ያስፈልጋል፣ 7.3 ግራም ገደማ። ያኔ ራሶቹ ወደ ውጭ ይዞራሉ፣ መድኃኒቱም ከሲታብ ጋር የመጣውን የብሮማይድን ቦታ ይወስዳል። በመጨረሻ ከ60 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይደርቃል።

እዚህ ላይ ጎንደር የራሷ ችግር አላት። ሲታብ ከ25 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ከውኃው ወጥቶ ነጭ መርፌ መርፌ እየመሰለ ይረጋል። እንደኛ ባለ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ማሞቂያ በሌለው ክፍል የሚናጠው ጠርሙስ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጠዋት የተገኘው ነጭ ነገር ከዱቄቱ ጋር አብሮ ተጨልፎ ይደርቅና የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ተመልሶ ይሟሟል፤ አረፋው ይነግራችኋል። መፍትሔው ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ከ30 ዲግሪ በላይ ማቆየት ነው። ይህ በየትኛው ዘገባ ተጻፈ? ሥራው የሚሠራው ሌላ ቦታ ብቻ ይመስል ጎንደር በጽሑፋችሁ አንድ መስመር አላገኘችም። ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። የምትጥለው ውኃ በቀሃና በአንገረብ ወደ መገጭ፣ ከመገጭም ወደ ጣና ይሄዳል። የሚፈጨው፣ የሚነፋው፣ ሌሊት ጠርሙስ የሚጠብቀው የቤተ ሙከራ ሠራተኛም በማንኛውም ዘገባ ስሙ አይነሳም። ይህ ያስቆጣናል፤ እንዲያስቆጣንም ይገባል።

«ማንኛውንም» ወደምትለው ቃላችሁ እንመለስ። ፀረ-ባክቴሪያው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከፒኤች 6 በታች ፖዘቲቭ ነው። ለእሱ ሲታብ ያልነካው ቤንቶናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ይሻላል፤ በንብርብሮቹ መካከል ሶዲየምን ተክቶ ይገባል። የደንቢያን ዋልካ በበጋ የሚሰነጥቀው፣ በክረምት የሚያሳብጠውም የዚሁ ወገን ማዕድን ነው፤ ለዚህም ነው ዱቄቱ ብቻውን ቱቦ ውስጥ ሲሞላ አብጦ ውኃ አላሳልፍ የሚለው። ፓራሲታሞል ደግሞ ፒኤች 9 እስኪደርስ ቻርጅ የለውም፣ በውኃም በደንብ ይሟሟል፤ ሁለቱም ማዕድናት እምብዛም አይዙትም። ሦስት መድኃኒት፣ ሦስት የተለያየ መልስ።

ርዕስ ያደረጋችሁት የተያዘው መድኃኒት ፐርሰንትም የመድኃኒቱና የዱቄቱ መጠን ካልተነገረ ትርጉም የለውም። በሊትር 10 ሚሊግራም ያለበት 50 ሚሊሊትር ውኃ የሚይዘው ግማሽ ሚሊግራም መድኃኒት ብቻ ነው። አንድ ግራም ዱቄት 98 ከመቶውን ቢወስድ በግራም የያዘው 0.49 ሚሊግራም ነው። 0.05 ግራም ዱቄት ግማሹን ብቻ ቢወስድ ግን በግራም 5 ሚሊግራም ያዘ ማለት ነው፣ አሥር እጥፍ። በእናንተ ርዕስ አሸናፊው የመጀመሪያው ነው! ደግሞም ይህ በተጣራ ውኃ ነው። ልብስ የታጠበበት ፍሳሽ ሲመጣ የሳሙናው ኔጌቲቭ ሞለኪውል ፖዘቲቩን ቦታ ከመድኃኒቱ ቀድሞ ይይዛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን «ቀላልና ርካሽ» የሚለው የዘገባችሁ አገላለጽ ሰውን ቤቱ ድረስ እንዳያሳስተው ነው። ድንጋዩ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ሲታብ ግን ከውጭ የሚገዛ፣ ለዓሣም ለሰውም መርዛማ የሆነ ኬሚካል ነው። ሁለተኛው ንብርብር የሚያያዘው በጅራት ብቻ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይለቃል። በዚህ የተጣራ ውኃ አይጠጣም። መድኃኒት የጠገበው ዱቄትም መድኃኒቱን ይዞ ቁጭ ይላል እንጂ አያጠፋውም። ወንዝ ዳር ከተደፋ ክረምቱ ያጥበዋል፤ ተለይቶ፣ ደርቆ፣ ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር መወገድ አለበት።

ስለዚህ የምንጠይቀው እርማት ነው፣ ዘገባው በወጣበት ቦታና መጠን። እርማቱ ማዕድኑ በምን እንደተለወጠ፣ የትኛው መድኃኒት እንደተሞከረ፣ በስንት ፒኤች፣ በሊትር ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ግራም ዱቄት፣ ባዶው ጠርሙስስ ስንት እንዳሳየ ይግለጽ። የተጣራውን ውኃ ማንም እንዳይጠጣ የሚያስጠነቅቀው መስመር ደግሞ ከላይ ይቅደም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች
ጎንደር