የክፍያ ቴሌቪዥን ተመልካች አማርጦ የመግዛት መብቱ ይከበርለት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ቤት ተቀምጦ ፊልምና ስፖርት ለማየት የሚጠየቀው ገንዘብ በየጊዜው እየናረ መምጣቱ፣ ከምግብና ከቤት ኪራይ አንጻር ቀላል ጉዳይ ስለሚመስል በጋዜጦች እምብዛም አይነሳም። ይሁን እንጂ ከቴሌቪዥን ሌላ መዝናኛ ለሌላቸው ቤተሰቦች፣ ይልቁንም ለጡረተኞችና ከቤት መውጣት ለተሳናቸው ሕሙማን፣ ይህ በየወሩ የሚመጣ ዕዳ ነው።

የቪዲዮ ካሴት ዘመን አልፎ ቪሲዲ፣ ቀጥሎም ዲቪዲ ሲመጣ ሰው የነበረውን ዴክ ጥሎ አዲስ ማጫወቻ መግዛት ነበረበት። ሆኖም የተገዛው ፊልም የገዢው ንብረት ስለነበር ደጋግሞ ያየዋል፣ ለጎረቤትም ያውሰዋል፤ አቅም ያጠረውም ከቪዲዮ ቤት በጥቂት ብር ይከራያል። ዛሬ አብዛኞቹ ቪዲዮ ቤቶች ተዘግተዋል። ለዲሹና ለዲኮደሩ የከፈለ ደንበኛ እንኳ የወሩ ሒሳብ ባለቀ ማግስት ሥርጭቱ ይቋረጥበታል፤ በእጁ የሚቀር ነገር የለውም።

የዋጋው ምክንያት አይገባኝም አልልም። የፊልምና የስፖርት ሥርጭት መብት የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ድርጅቶቹ በኪሳራ ይሥሩ የሚል ሰው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዋጋው ከመጨመሩ ይልቅ አሻሻጡ ነው። አንድ የስፖርት ጣቢያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ፈጽሞ የማይከፍታቸውን በርካታ ጣቢያዎች በአንድ ፓኬጅ አብሮ እንዲገዛ ይገደዳል፤ ጭማሪ በመጣ ቁጥር ለማያየውም ይጨምራል።

በነጻ የሚታዩ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ስላሉ ያልቻለ እነሱን ይመልከት የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የሥርጭት መብት ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በክፍያ ለሚታየው ሱፐርስፖርት ተሰጥቶ ስለነበር፣ ደጋፊው የገዛ ከተማውን ክለብ ከቤቱ ሆኖ ለማየት ወርኃዊ ከፋይ መሆን ግድ ሆኖበት ነበር። ክለቦቹ ገቢ ማግኘታቸው መልካም ነው፤ ዘመናቸውን ሙሉ ስታዲየም ሲመላለሱ የኖሩ አረጋውያን ግን ከዚህ ስምምነት ምን አገኙ?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝና አማርጦ እንዲገዛ መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት ለክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኛም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንና የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ ጭማሪ ከመደረጉ በፊት ደንበኛው በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ከነምክንያቱ እንዲያውቅ፣ አንድን ጣቢያ ወይም አንድን ውድድር ለይቶ መግዛትም እንዲፈቀድለት ምን ለማድረግ እንዳሰቡ ጋዜጣችሁ ጠይቆ ምላሻቸውን እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ